ገበዝ እንጂ ባለርስት አይደለንም

በአገራችን አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ከባድ አደራ የሚሸከም አንድ አገልጋይ አለ፤ ገበዝ፣ ወይም ቄሰ ገበዝ ይባላል። መስቀሉና ጽናው፣ አልባሳቱና መጻሕፍቱ፣ በጠቅላላው የደብሩ ንብረት በእርሱ እጅ ነው። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ከእርሱ አይለይም። አንድ መጽሐፍ ከቦታው ቢታጣ የሚጠየቀው እርሱ ነው። ይሁን እንጂ ከሚጠብቀው ሁሉ የእርሱ የሆነ አንዳች የለም። አገልግሎቱ ሲያበቃ ቁልፉን ለተተኪው አስረክቦ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ይገባል። ክብሩም ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የራሱ ያልሆነውን እንደ ራሱ አድርጎ በመጠበቁ።

ያደግሁባት ከተማ ስሟን ከዚህ ቃል ጋር ትጋራለች። ገበዝ ማርያም ትባላለች፤ በምዕራብ ጎጃም የቋሪት ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ የሚያልፈው አውራ ጎዳና አይነካትም። ጎረቤቶቿ ከእርሷ ይበልጥ ይታወቃሉ፤ በአንድ በኩል የዓባይ ምንጭ ያለባት ሰከላ፣ በሌላ በኩል ፍኖተ ሰላምን የከበበችው ጃቢ ጠህናን። ልጅ ሳለሁ ስሟን ሺህ ጊዜ ስጠራ «ገበዝ ማለት ምን ማለት ነው?» ብዬ አንድም ቀን አልጠየቅሁም። ቃሉ የከነከነኝ ጎልማሳ ከሆንሁ በኋላ፣ ያውም በሠራሁት አንድ ጥፋት ምክንያት ነው።

ውድ አንባቢ፣ ዛሬ ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ልጽፍ አልተነሣሁም። የማወጋው ስለ አንድ ዘመን አመጣሽ ጉዳይ ነው፤ በበጎ ፈቃደኞች ስለሚጻፈው የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት፣ ስለ ውክፔዲያ፣ በተለይም በዚያ የሚጽፉ ሰዎች እርስ በርስ ሲለያዩ ሊኖራቸው ስለሚገባው ጨዋነት።

ይህ መዝገብ በእንግሊዝኛ የተጀመረው ጥር 7 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው። ሐሳቡ በዚያን ጊዜ ለብዙዎች ዕብደት ይመስል ነበር። ማንም ሰው ይጽፋል፤ ማንም ሰው ያርማል፤ ደመወዝ የለም፤ ዋና አዘጋጅ የለም። አማርኛው ከ3 ዓመት ግድም በኋላ ተከተለ። ዛሬ እንግሊዝኛው ከ7 ሚሊዮን በላይ መጣጥፎች ሲኖሩት የእኛው ገና 15 ሺህ ገደማ ነው። ክርክራችን ከስሙ እንደሚጀምርም ልብ ይሏል፤ መዝገቡ ራሱን «ውክፔዲያ» ብሎ ይጽፋል፣ ከሕዝቡ የሚበዛው ደግሞ «ዊኪፔዲያ» ይላል።

አሁን ጥፋቴን ልናገር።

ከዓመታት በፊት ስለ ትውልድ አካባቢዬ በዚያ መዝገብ ላይ ጥቂት አንቀጾች ጽፌ ነበር። ወረዳው የት እንደሚገኝ፣ ከማን ጋር እንደሚዋሰን፣ ይህን የመሰለ ነገር ነው። ትንሽ ሥራ ነበረች፤ እኔ ግን እንደ ትልቅ አየኋት። ማታ ማታ ገጹን እየከፈትሁ አነበዋለሁ፤ አንድ ነጠላ ሰረዝ የነካ ሰው መኖሩን እመረምራለሁ። አንድ ቀን በብዕር ስም የሚጽፍ የማላውቀው ሰው አራት መስመር ጨምሮ አገኘሁ። የአካባቢው ሽማግሎች የአንድን ቦታ ስም አመጣጥ እንዴት እንደሚተርኩት ጽፏል። ቋንቋው የተስተካከለ አልነበረም፤ ምንጭም አልጠቀሰም። በአንድ ጠቅታ ሰረዝሁት። በምክንያት ቦታ ላይ «ማስረጃ የለውም» የሚሉ ሁለት ቃላት ጣልሁ።

በማግሥቱ መልሶ ጻፈው። እኔም መልሼ ሰረዝሁት። ከዚያ ወደ ውይይት ገጹ መጥቶ፦ «ይህን የነገሩኝ አያቴ ናቸው። ስህተቱን ቢነግሩኝ አስተካክላለሁ» ሲል ጻፈልኝ። እኔ ምን ብዬ እንደ መለስሁ ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይቀላል፦ «የአያትህ ወሬ ምንጭ አይሆንም።» እርሱ አንቱ ብሎኝ ነበር፤ እኔ አንተ አልሁት። እርሱ አያቴ አለ፤ እኔ ወሬ አልሁ። ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ ስም የተጻፈ አንዲት ፊደል አላየሁም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጥ መቀመጥ አለበት። ደንቡ ከእኔ ጋር ነበር። መዝገበ ዕውቀት ታትሞ የወጣና ሌላ ሰው ሊመረምረው የሚችል ምንጭ ይጠይቃል፤ ያለ ምንጭ የሚጻፍ ነገር ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ስለዚህ የጸጸተኝ መሰረዜ አይደለም። የጸጸተኝ አሰራረዜ ነው። በደንብ ትክክል ሆኖ በምግባር መበደል እንደሚቻል ያን ጊዜ አላውቅም ነበር።

ለምን እንዲያ ሆንሁ? መልሱን ፍለጋ ወደ አገሬ ልማድ ብመለስ ሁለት ነገር አገኘሁ። አንደኛው ርስት ነው። እስከ 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ድረስ በእኛ አካባቢ መሬት በርስት ይያዝ ነበር። በእናቱም ይሁን በአባቱ ወገን ከአንድ አቅኚ አባት መወለዱን ቆጥሮ ያስረዳ ሁሉ ድርሻ መጠየቅ ይችላል። አለን ሆበን የተባለ አሜሪካዊ ምሁር ከቋሪት ጋር በምትዋሰነው በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህን ሥርዐት አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 መጽሐፍ አሳትሞበታል። ጠያቂው ብዙ፣ መሬቱ ውሱን በመሆኑ ሙግቱ አያልቅም ነበር። እንግዲህ የእኛ አባቶች ያደጉት ድንበር ሲገፋ ዝም ያለ ሰው ነገ ልጆቹን እንደሚያስርብ እያወቁ ነው። ሁለተኛው ተረታችን ነው፦ «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ።» በእኛ ዘንድ አጥር መንካት ባለቤትን መንካት ነው።

ይህን ልብ ይዘን ነው አጥር ወደሌለው ገጽ የምንገባው። የጻፍነው ዓረፍተ ነገር ተለውጦ ስናገኘው «ማን ደፈረኝ?» እንላለን እንጂ «ምን ተሻሻለ?» አንልም። የመዝገቡ ደንብ ግን በዚህ ነገር ላይ የማያሻማ ነው፤ የትኛውም ገጽ ባለቤት የለውም። ብዙ የጻፈም፣ ቀድሞ የጀመረም፣ የአገሩ ተወላጅ የሆነም ከሌላው የሚበልጥ መብት የለውም። ቁልፍ ይዘናል፤ ርስት ግን አልያዝንም። ገበዝ ነን።

እንዲህ ያለው ቅናት የእኛ ብቻ እንዳይመስለን። በእንግሊዝኛው መዝገብ እርጎ የሚለው ቃል በአንድ ፊደል ይጨመር አይጨመር ክርክር 8 ዓመት ገደማ ፈጅቶ እልባት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ጀርመኖች ዳንዚግ፣ ፖላንዶች ግዳንስክ የሚሏት ከተማ ስም ከዚህ የበለጠ መራራ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2005 በድምፅ ተወሰነ፤ ስለየትኛው ዘመን ሲጻፍ የትኛው ስም እንደሚቀድም ተለይቶ ተደነገገ። አንዱ የሌላውን ጽሑፍ እየመለሰ እንዳይውል ደግሞ በአንድ ገጽ ላይ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ3 ጊዜ በላይ መመለስን የሚከለክል ደንብ አላቸው። ሰው ሁሉ ለስሙ ይሟገታል፤ ልዩነቱ ሙግቱን የሚመራበት ወግ መኖር አለመኖሩ ነው።

በአማርኛ ስንጽፍ ደግሞ የራሳችን የሆኑ የጠብ ምክንያቶች አሉን። የመጀመሪያው ዘመን አቆጣጠር ነው። አንዱ የዐድዋ ድል በ1888 ሆነ ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው መጥቶ 1896 ብሎ «ያርመዋል»፤ ሁለቱም አልዋሹም፣ አንዳቸውም ግን ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብለው አልለዩም። ሁለት ፊደል ቢጨምሩ ኖሮ ጠቡ ባልተነሣ ነበር።

ሁለተኛው ሞክሼ ፊደላት ናቸው። ኃይለ ሥላሴን በሀ፣ በሐ ወይስ በኀ? ዐፄን በምን እንጽፈው? ይህ ጥያቄ ታላላቅ ሊቃውንትን ያከራከረ ነው። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌና ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ ፊደላቱ በየሥራቸው ተለይተው እንዲጻፉ የሚሟገቱ ነበሩ። በጎጃም የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ ግን የአጻጻፋችንን መሻሻል ይደግፉ ነበር፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያሳትሙ የሚጠብቁትን ፊደላት በላያቸው ነጥብ እያኖሩ ለይተዋቸዋል። ሁለቱም ወገን ቋንቋውን ይወዱ ነበር። ኮምፒዩተር ደግሞ ሀንና ሐን እንደ ተለያዩ ፊደላት ስለሚቈጥር አንዱን የፈለገ ሰው ሌላውን አያገኝም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ አንዱን አጻጻፍ ወደ ሌላው የሚመራ መንገድ መዘርጋት ይቻላል። አንዱ ሌላውን «መሃይም» እያለ ሲሰርዝና ሲመልስ መዋሉ ግን ፊደሉንም ጸሐፊውንም ያጠፋል።

ሦስተኛው የቦታ ስም ነው። ናዝሬት ወይስ አዳማ? ደብረ ዘይት ወይስ ቢሾፍቱ? የእኛዋ ፍኖተ ሰላም እንኳ ቀድሞ ወጀት ትባል ነበር። አንባቢ ሁለቱንም ስም የማወቅ መብት አለው፤ የትኛው መቼ፣ በማን እንደ ተጠራ መጻፍ የዕውቀት ሥራ ነው። አንዱን ስም ፈጽሞ ማጥፋት ግን የዕውቀት ሥራ አይደለም።

አራተኛው ከሁሉ ይረቃል፤ ከእንግሊዝኛ ልንዋሰው የምንችለው ሕግ የሌለውም ለእርሱ ነው። እርሱም አክብሮት ነው። በአማርኛ አንድ ግሥ ሳንፈርድ ማሰር አንችልም። ምኒልክ «ተወለደ» እንበል ወይስ «ተወለዱ»? ባራቲዬሪ «ሸሸ» ብለን ምኒልክ «ድል አደረጉ» ስንል ገና ማስረጃ ሳናቀርብ አድልተናል። አንዱን «ሞተ»፣ ሌላውን «አረፉ»፣ ሦስተኛዋን «በሞት ተለየች» የምንለው በምን ሚዛን ነው? ገለልተኛ እንሁን የሚል ሰው ሁሉን «አንተ» ቢል አገሬው ይቈጣል፤ ሁሉን «አንቱ» ቢል ታሪክ ውዳሴ ይሆናል። እኔ በበኩሌ የምደግፈው ለአገርም ለባዕድም፣ ለንጉሥም ለአዝማሪም በአንድ ገጽ ውስጥ አንድ ዓይነት አነጋገር እንዲጸና ነው። ተቃራኒውን የሚያስብ ሰው ግን ባለጌም ከሃዲም እንዳልሆነ ዐውቃለሁ።

ስለ ሰው ሲጻፍ እንዲህ ከሆነ ለሰው ሲጻፍማ እንዴት ይሆን! በውይይት ገጽ ላይ የሚያነጋግረንን ሰው ዕድሜውን አናውቅም፤ ወንድ ይሁን ሴት አናውቅም። «ጽፈሃል» ብንል ሴት ልትሆን ትችላለች፤ «ጽፈሻል» ብንል የሰባ ዓመት አዛውንት ሊሆኑ ይችላሉ። በገጠራችን ማንነቱን የማያውቁትን መንገደኛ የሚያነጋግር ሰው አንቱታን ያስቀድማል፤ እንግዳው «ኧረ አንተ በሉኝ» ሲል ያን ጊዜ ይለውጣል። ይህ ሥርዐት ለኢንተርኔት የተሠራ ይመስላል። ያ የማላውቀው ሰው ያደረገልኝ ይህንኑ ነበር፤ እኔ ግን የተማርሁት ነኝ ባዩ ወጉን ረሳሁት።

ታዲያ አለመስማማትን እንዴት እናስተናግደው? ከሩቅ አገር ደንብ ከመዋሳችን በፊት ከእጃችን ያለውን ብናይ መልካም ነው። የመጻሕፍት ትርጓሜ ሊቃውንቶቻችን «አንድም» የሚሉት ስልት አላቸው። አንድን ቃል ተርጉመው ሲጨርሱ «አንድም» ብለው ሌላ ትርጓሜ ያስከትላሉ፤ እንደገና «አንድም» ይላሉ። የላይ ቤትና የታች ቤት ተብለው እስከ መለየት የደረሱ ሊቃውንት ናቸው፤ ልዩነት አላጡም። ነገር ግን ተማሪው የሚሸመድደው ብዙውን ጊዜ የአንዱን ብቻ አይደለም፤ የማይስማሙበትንም ትርጓሜ ከነስሙ ይዞ ይወጣል። ዛሬ «ገለልተኛ አመለካከት» የሚባለው ደንብ ከዚህ ምን ያህል ይርቃል? «እነ እገሌ እንዲህ ይላሉ፤ እነ እገሌ ግን እንዲህ ይላሉ» ማለት በአማርኛ ባዕድ አይደለም።

ስመ ጥር የሆነው የጎጃም የቅኔ ጉባኤም ሌላ ትምህርት አለው። ተማሪው ቅኔውን ቈጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርመዋል። እርማቱ ሊመር ይችላል። ነገር ግን የፈረሰበት ቦታ ይነገረዋል፤ ዜማው ይሁን ሰዋስዉ፣ ሰሙ ይሁን ወርቁ ያውቀዋል። ምክንያቱን ሳያውቅ ዝም ተብሎ የሚሰናበት ተማሪ ነገ ምን ይዞ ይመጣል? እኔ «ማስረጃ የለውም» ብዬ የሸኘሁት ሰው ማስረጃ ማለት ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደሚገኝ፣ እንዴት እንደሚጠቀስ አልተነገረውም። አርሜው አልነበረም፤ አባርሬው ነበር።

የአደራን ነገር ካነሣን ደግሞ አንድ ታላቅ ምሳሌ አለን። የግእዙን ታላቅ መዝገበ ቃላት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀመሩት፤ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተረክበው ዕድሜያቸውን ሠዉለት፤ ሳይታተም በ1936 ዓ.ም. ዐረፉ። ደስታ ተክለ ወልድ ተቀብለው በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት፤ መጽሐፉም የሚጠራው በመምህራቸው በኪዳነ ወልድ ስም ነው። ሦስት ሰው፣ አንድ መጽሐፍ። ከዚህ በተቃራኒው በብዙ የብራና መጻሕፍት ላይ የመጀመሪያው ባለቤት ስም ተፍቆ የሌላ ሰው ስም ተጽፎበት እናገኛለን። ሁለቱም ልማድ የእኛው ነው። የትኛውን እንደምንወርስ መምረጥ ግን የኛ ፈንታ ነው።

እርግጥ ተቃዋሚ አይጠፋም። «ውሸታም በበዛበት ዘመን ትሕትና ምን ይሠራል? ጦርነት ባለበት አገር የቦታ ስም እንኳ እንደ ጥይት ይተኰሳል፤ መዝገቡን ያለ ርኅራኄ መጠበቅ ያስፈልጋል» የሚል ሰው አውቃለሁ። አባባሉ ከእውነት የራቀ አይደለም። ስድብ የጻፈ፣ ሆነ ብሎ ሐሰት የዘራ ሰው ጽሑፉ ወዲያው ሊሰረዝ ይገባዋል፤ ለዚያ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም። ገበዝም ለሌባ በር አይከፍትም። ነገር ግን መባ ይዞ የመጣውን ምእመን «መባህ ጐደሎ ነው» ብሎ በዱላ የሚያባርር ገበዝ ደብሩን ጠበቀ ወይስ ዘጋ? ሌባውንና ምእመኑን መለየት የጥበቃው ዋና ሥራ ነው።

ደግሞም የቸልተኝነታችን ዋጋ በሌላው ዓለም ተመዝኗል። የእንግሊዝኛው መዝገብ ንቁ አርታዒያን ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2007 ጣሪያ ነክቶ ከዚያ ማሽቈልቈል ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2013 ጥናት ያሳተሙ ተመራማሪዎች ከምክንያቶቹ አንዱን ለይተው አሳዩ፦ በቅን ልቡና የመጡ አዲስ ሰዎች የመጀመሪያ ሥራቸው ወዲያው ስለሚመለስባቸው ተስፋ ቈርጠው ይሄዳሉ። «አዲስ መጤን አትንከሱ» የሚል መመሪያ እያለ ነው እንዲህ የሆነው። እነርሱ አንድ ሰው ቢሄድባቸው ሺዎች አሉ። እኛ ግን ስለ ቋሪት የሚጽፍ ሰው ስንት አለን? «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን። እኔ ጌጡን ሊጋራ የመጣውን አንድ ሰው አባርሬ ሸክሙን ብቻዬን ቀረሁበት።

የጠፋው ደግሞ ያ ሰው ብቻ አይደለም፤ ከጀርባው አያቱ አሉ። የገጠራችን ታሪክ አብዛኛው በመጽሐፍ የለም፤ በአፍ ነው ያለው። ለእንዲህ ያለው ዕውቀት በር መክፈት ይቻል እንደሆነ ለመሞከር እ.ኤ.አ. በ2011 በሕንድና በደቡብ አፍሪካ የቃል ምስክርነትን በድምፅ እየቀረጹ ለመጣጥፍ ምንጭ የማድረግ ሥራ ተሠርቶ ነበር። በሁሉም ዘንድ ተቀባይነት አላገኘም፤ ክርክሩም አላለቀም። ቢያንስ ግን ጥያቄው ተገቢ መሆኑን አሳይቷል። እኔም ያን ሰው እንዲህ ልለው እችል ነበር፦ «አያትዎ የነገሩዎትን በስማቸው፣ በዕለቱና በቦታው ጽፈው ያስቀምጡ፤ ድምፃቸውንም ይቅረጹ። አንድ ቀን በመጽሔት ወይም በጥናት ታትሞ ይወጣ ይሆናል፤ ያን ጊዜ እዚህ እንጠቅሰዋለን። እስከዚያ ድረስ ከገጹ አውርጄ በውይይቱ ላይ አቈይቸዋለሁ።» ይህን ለመጻፍ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ደንቡ አይጣስም፤ አያቱም አይናቁም።

አንድ ሌላ ነገርም ልጨምር። ሙግት ባላጋራ ሳይቀርብ አይፈረድም፤ ቀጠሮ ይሰጣል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለረጅም ወራት ቈይቶ ነበር። በዚያን ጊዜ በቡሬ ወይም በገበዝ ማርያም የሚኖር ሰው ስለ አገሩ የተጻፈውን ማየትም መመለስም አይችልም ነበር፤ እኛ በሩቅ ያለነው ግን እንደ ፈለግን እንጽፍ፣ እንደ ፈለግን እንሰርዝ ነበር። ዝምታን እንደ መስማማት የሚቈጥር አርታዒ ባላጋራው ታስሮ ሳለ «ቀርቶብኛል» ብሎ እንደሚያስፈርድ ሰው ነው። በእንደኛ ባለ አገር መጠበቅም ከጨዋነት ይቈጠራል።

እንግዲህ የምለው በአጭሩ ይህ ነው። የቅን ሰው ጽሑፍ ሲሰረዝ ምክንያቱ በሙሉ ዓረፍተ ነገር ይነገረው። ሊታረም የሚችል ከሆነ ከመሰረዝ ይልቅ ይታረም። ሁለተኛ ጊዜ ከመመለሳችን በፊት ወደ ውይይቱ እንሂድ፤ እዚያም በአንቱታ እንጀምር። ስለ ሰውየው ሳይሆን ስለ ጽሑፉ እንነጋገር። እርሱ ትክክል ሆኖ ከተገኘ «ተሳስቻለሁ» ማለት አይክበደን። ይህ ሁሉ ከተጻፈ ሕግ ይልቅ ከቤታችን የወጣንበት አስተዳደግ ነው።

እናንተ ሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ሆይ፣ ይህን በተለይ ለእናንተ የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። በሀና በሐ ላይ ሌሊቱን ሙሉ መከራከር የምትችሉ፣ የአንድ ደራሲ የትውልድ ዓመት ሲሳሳት የሚያማችሁ እናንተ ናችሁ። ያ ባዶ መዝገብ የሚጠብቃችሁ እናንተን ነው። ግቡና ጻፉ፤ ተከራከሩም። ስትገቡ ግን ቁልፉን እንጂ ርስቱን እንዳልተረከባችሁ አስቡ።

ያ መዝገብ አንድ ደግ ጠባይ አለው፤ የተሰረዘ ነገር ፈጽሞ አይጠፋም። እያንዳንዱ ገጽ ከጀርባው የለውጦቹ ታሪክ አለው። በቅርቡ ተመልሼ ከፈትሁት። አራቱ መስመሮች እዚያው አሉ፤ ከእነሱ በታችም የእኔ ሁለት ቃላት። ሽማግሎቹ የሚተርኩትን እዚህ አልደግመውም፤ ዛሬም የታተመ ምንጭ የለኝምና። ይልቅ በዚያ ሰው የውይይት ገጽ ላይ እንዲህ ስል ጻፍሁ፦ «ይቅርታ አድርጉልኝ። ያን ጊዜ ልጠይቅዎ የሚገባኝን ዛሬ ልጠይቅዎ፤ አያትዎ ደኅና ናቸው?»

እስካሁን መልስ አልመጣም። ገጹን ግን አሁንም ማታ ማታ እከፍተዋለሁ። ዛሬ የምፈልገው አጥር የነቀነቀ ሰው አይደለም።

ቸር እንሰንብት።